የአራዳ ጐዳና፣ ግቢና የቤት ፊት

የአንድን ከተማ መካከል ለማጥናት የሚሰማሩ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በአንድ ዐይነት መንገድ ነው። ሜትርና ወረቀት ይዘው ወደ ጐዳናው ይወጣሉ፤ የመንገዱን ስፋትና የቤቶቹን ከፍታ ይለካሉ፤ በአራት መንገድ የተከበበውን የቤቶች ክምችት «ብሎክ» ብለው ቍጥር ይሰጡታል፤ ከዚያም ከጐዳናው ማዶ ቆመው የቤቶቹን ፊት አንድ ባንድ ይነድፋሉ። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱም ቤቱን በጥቁር፣ ባዶውን ቦታ በነጭ የሚያሳይ ፕላን፣ የጐዳናው የጎን ቍርጥና የቤቶቹ ፊት ተከታትሎ የተሣለበት ረዥም ወረቀት በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መምህሩም እየተዘዋወረ ያርማል። ይህ ልማድ በብዙ አገር የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያም የመጣው በ1947 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕንፃ ሥራ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር አብሮ ነው።

ልማዱ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ከየት ላይም እንደሚስት ለመመርመር የአዲስ አበባው አራዳ፣ ማለትም ሕዝቡ ፒያሳ ብሎ የሚጠራው ሰፈር፣ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። የዚህ ሰፈር ብዙው ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሶአል። ቤቱ ቆሞ ሳለ የአንድ ተማሪ ንድፍ ያጐደለውን ሌላው ሄዶ ሊያየው ይችል ነበር፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ግን ንድፉ ያልያዘው ነገር ከየትም አይገኝም። ስለዚህ ቀድሞ የትምህርት ቤት ልምምድ ብቻ የነበረው ወረቀት ሳይታሰብ የታሪክ መዝገብ ሆኖ ተገኝቶአል፤ እንደ መዝገብም ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድሞ ስለ ፕላኑ። ቤትን ጥቁር፣ ባዶን ነጭ አድርጎ የማሳየት ጥበብ የቈየ ነው። ጃንባቲስታ ኖሊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1748 የሮማን ከተማ ፕላን ባወጣ ጊዜ ተራውን ቤት አጥቍሮ ሲያሳይ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ውስጥ ግን እንደ ጐዳናው ሁሉ ነጭ አድርጎ ትቶታል፤ ሕዝብ የሚገባበት ስፍራ ጣራ ቢኖረውም የጐዳናው ክፍል ነው ማለቱ ነበር። ከኖሊ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ጥቁሩንና ነጩን ወረሱ እንጂ ይህን ማስተዋል አልወረሱም። በአራዳ ፕላን ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ያለው አንድ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያው ያለው የዛፍ ጥላና ቅጥሩ ደግሞ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ከመኪና ማቆሚያ ጋር አንድ ቀለም ይቀባል። ነገር ግን ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ የሚያልፈው፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የሚያርፈው ሰው ሁሉ ይህን ቦታ በደረጃ ይለየዋል። ከጐዳናው እስከ መቅደሱ ድረስ ብዙ ድንበር አለ፤ እያንዳንዱም ድንበር ማን እንደሚያልፈውና በምን ሁኔታ እንደሚያልፈው የታወቀ ነው። ኖሊ አዲስ አበባ ቢወለድ ኖሮ ሁለት ቀለም ባልበቃውም ነበር።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት በአጥር ላይ የሚታየው ነው። በጣሊያን ከተማ የጐዳናው ግድግዳ ቤቱ ራሱ ነው፤ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፣ በሩም ወደ መንገዱ ይከፈታል። በአዲስ አበባ ግን ከንግዱ መንገድ በቀር የጐዳናው ግድግዳ አጥር ነው፤ የድንጋይ ካብ፣ የቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ ዐጣና አጥር። ቤቱ ከአጥሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግቢው መካከል ይቀመጣል። ቤት ብቻ የሚያጠቁረው ፕላን አጥርን አያሳይም፤ ስለዚህም እውነተኛው ከተማ ጠባብና የተከለለ ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ላይ ሜዳ ላይ የተበተነ ይመስላል። ብዙ ተማሪም ይህን ሥዕል አይቶ «ሥርዐት የሌለው አሠፋፈር» ብሎ ይደመድማል። ሥርዐት ያጣው ግን ንድፉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት የከተማይቱን አመሠራረት ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር በመንገድ የተጀመረች ከተማ አልነበረችም። በጦር ሰፈር ልማድ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። የንጉሡ ግቢ በጕብታው ላይ ከተተከለ በኋላ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ከፍታ ላይ ቦታ እየተሰጣቸው ጭፍራቸውን በዙሪያቸው አሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ዛሬ የመኖሪያ አካባቢ ማለት ቢሆንም መሠረቱ የሰፈረ ጦር ነው። የራስ መኮንን ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች በባለርስቱ ሲጠሩ፣ ሠራተኛ ሰፈርን የመሰሉት ደግሞ በሥራ ይጠራሉ። የከተማይቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጥንቶቹ ሰፈሮች ያቀረቡት ጥናት ይህን አመሠራረት አስፍቶ ስለሚያሳይ፣ አራዳን የሚነድፍ ተማሪ ሜትሩን ከማንሣቱ በፊት ሊያነበው የሚገባ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሥነ ሕንፃ ተማሪ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በዚህ ዐይነት ከተማ ጐዳና ቀድሞ የተሠመረ መሥመር አይደለም፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል የተረፈ፣ ወንዝና ገደል እየራቀ በጕብታው ጫፍ የሚሄድ፣ ድልድይ ባለበት ብቻ ወደ ማዶ የሚሻገር መተላለፊያ ነው። የራስ መኮንን ድልድይ የአራዳን ሰው ዕለታዊ ጕዞ ከየትኛውም ሰፊ ጐዳና ይልቅ የወሰነውም ስለዚህ ነው። ብሎክም እንዲሁ ቀድሞ የተከፈለ የመሬት ክፋይ አይደለም፤ ግቢ ከግቢ ጋር ሲጠጋጋ በመጨረሻ የተገኘ ቅርጽ ነው። ጐዳና ቀድሞ፣ ብሎክ ሁለተኛ፣ ቤት ሦስተኛ የሚለው የተማሪ ቅደም ተከተል በአራዳ በተገላቢጦሽ ይቆማል። የእንግሊዝን ትንሽ ከተማ አልንዊክን ያጠናው ኮንዘን በ1960 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተመው ጥናት ጐዳናን፣ የይዞታ ድንበርንና ቤትን ለየብቻ መርምሮ፣ የይዞታ ድንበር ከቤት ይልቅ ብዙ ዘመን እንደሚቈይ አስተምሮአል። የኮንዘን ዘዴ ከፊት ገጽ ሥዕል ይልቅ ለአራዳ ይስማማል፤ ግን በተማሪዎች ዘንድ እንደ ሥዕሉ አልተወደደም። የይዞታ ድንበር መዝገብ ቤት ገብቶ ደብዳቤ ማገላበጥን ይጠይቃል፤ የቤት ፊት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነደፋል።

በዚህ አሮጌ ሥርዐት ላይ ሌላ ሥርዐት የተደረበው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ፕላን አውጪዎች የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር ለመለየት ሲያስቡ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቁን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን አቋቋሙ። ገበያው ሲወጣ የቀረው ቦታ «ፒያሳ» ተባለ። በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። ነገር ግን ስሙ የተሰጠው ለአንድ አደባባይ ይሁን እንጂ ሕዝቡ ተዳፋት የሆነውን ጐዳና፣ ሱቁን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ቡና ቤቱንና ከኋላ ያለውን መንደር ሁሉ ጨምሮ ፒያሳ አለው። የወራሪው ቃል ወራሪው ከሄደ በኋላ ቀረ፤ ትርጕሙን ግን አገሬው ቀየረው። ይህን የመሰለ ነገር በየትኛው ንድፍ ላይ ይጻፋል?

አራዳ የሚለው ስም ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም መንገድ ሄዶአል። የገበያ ስም የነበረው ቃል የሰው ጠባይ ስም ሆነ፤ ብልጥ፣ ነቃ ያለ፣ የከተማን ኑሮ የሚያውቅ ሰው «አራዳ» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሰው አራዳን በእግሩ ባይረግጥም ያው ነው። አንድ የከተማ መካከል ጠባይን እስከ መሰየም ከደረሰ ሥነ ሕንፃው ከግድግዳና ከመስኮት ያለፈ ሥራ ሠርቶአል ማለት ነው፤ ጥናቱም ይህ እንዴት እንደ ሆነ ሊመልስ ይገባዋል። መልሱ በፊት ገጹ ላይ አይገኝም። ነጋዴና ሸማች፣ መኰንንና ሊስትሮ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና ዐረቡ በአንድ ጠባብ ጐዳና ላይ ዕለት ዕለት መገናኘታቸው፣ መንገዱ ራሱ ሰውን እንዲጠብና እንዲነቃ ማስገደዱ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ቤቱ ፊት እንመለስ፤ የተማሪው ንድፍ ከሁሉ የተዋጣለት በዚህ ስለ ሆነ ምስጋናም ይገባዋል። ከወረራው በፊት የተሠሩት የአራዳ ቤቶች ብዙዎቹ ባለ አንድ ፎቅ ናቸው፤ ምድር ቤቱ የድንጋይ ሆኖ ባለ ብዙ በር ሱቅ ነው፤ ፎቁ መኖሪያ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእንጨት በረንዳ ይዞራል፤ ከቆርቆሮው ክዳን ጠርዝ በታች በመጋዝ የተፈለፈለ የሣንቃ ጌጥ ይወርዳል። ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ግንበኞች ከአገሩ አናጢዎች ጋር የሠሩት ይህ ዐይነት ቤት በሌላ ስፍራ በዚህ ድብልቅ አይገኝም። ተማሪዎች ልኩን በትክክል አስቀርተውታል፤ የበረንዳውን ምሰሶ ቍጥር፣ የጌጡን ቅርጽ፣ የመዝጊያውን አከፋፈል ሁሉ። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ያወጡት፣ ከ1886 እስከ 1941 ያለውን ዘመን የሚያጠቃልለው መጽሐፍም ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ሁሉ መነሻ ሊሆን የሚበቃ ነው።

ይሁን እንጂ ንድፉ በረንዳን እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል፤ እንደ ስፍራ አይቈጥረውም። ሰው ከጐዳናው ማዶ ቆሞ በረንዳውን ሲነድፍ ጥልቀቱ ይጠፋል፤ ምሰሶና ጥላ ብቻ ይቀራል። የአራዳ በረንዳ ግን ከላይ የቤቱ ሳሎን፣ ከታች የመንገደኛው ጣራ ነው። በክረምት ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ጐዳናው ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ በሱቆቹ ፊት ከበረንዳው ሥር ተጠልሎ ይቆማል። በዚያች ሩብ ሰዓት የማይተዋወቅ ይተዋወቃል፤ ሎተሪ አዟሪው፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ሊስትሮው ገበያ ያገኛሉ። ከወረራው ወዲህ የተሠሩት ለስላሳ ግድግዳና የተጠጋጋ ማዕዘን ያላቸው ሕንፃዎች ይህን ጥላ ብዙ ጊዜ አይሰጡም። ተማሪው ግን ሁለቱን በስልት ስም ብቻ ይለያቸዋል፤ አንዱ «ጥንታዊ»፣ ሌላው «የጣሊያን» ይባላል፤ አንዱ መንገደኛን እንደሚያስጠልል ሌላው እንደማያስጠልል አይጻፍም።

«የጣሊያን ቤት» የሚለው ስያሜም ብዙ ያሳስታል። በአራዳ የጣሊያን ተብለው የሚጠሩ ቤቶች አንዳንዶቹ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በአርመንና በግሪክ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከነጻነት በኋላ በአገሩ በቀሩ ወይም ተጠርተው በሠሩ ጣሊያኖች የታነፁ ናቸው። ከአራዳ በላይ ቆሞ ቍልቍል የቸርችልን ጐዳና የሚያየው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ሲሆን የተመረቀው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያሠራውም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። በስልት ብቻ የሚፈርድ ዐይን የወራሪውን ሥራና የነጻውን መንግሥት ሥራ በአንድ ስም ይጠራል። ይህ የቀን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ በማን ፈቃድ፣ ለማን፣ በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ የመርሳት ስሕተት ነው።

የቸርችል ጐዳና ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር የሚወርደው ይህ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ በተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው፤ መነሻና መድረሻ ያለው፣ በሁለት ወገን የተከበበ፣ እይታው የማይቋረጥ ስለ ሆነ የመማሪያ መጻሕፍቱን ምሳሌ ይመስላል። ነገር ግን ጐዳናው በጣም ተዳፋት ነው። ሸክም ያለበት ወይም አሮጊት የሆነች ሰው ቀጥ ብላ አትወጣውም፤ በጎን መንገድ እየጠመዘዘች ትሄዳለች። ለመኪናና ለሰልፍ የተዘጋጀ እይታ ለእግረኛ የተዘጋጀ መንገድ ማለት አይደለም፤ የጎን ቍርጥ የሚነድፍ ተማሪ ስፋቱን እንጂ ቍልቍለቱን ብዙ ጊዜ አይለካም።

ኬቪን ሊንች በ1960 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ያወጣው «የከተማ ገጽታ» የተባለው ጥናት ይህን የዐይን ብቻ ጥናት ለማረም የተነሣ ነበር። በቦስተን፣ በጀርሲ ሲቲና በሎስ አንጀለስ ነዋሪዎችን ከተማቸውን በወረቀት እንዲነድፉ ጠይቆ፣ ከመልሳቸው መንገድ፣ ጠርዝ፣ ክፍል፣ መገናኛና ምልክት የሚባሉትን አምስት ነገሮች አወጣ። ተማሪዎች አምስቱን ስሞች ይዘው ወደ አራዳ መጥተዋል፤ ጥያቄውን ግን ብዙ ጊዜ ትተውታል፤ ነዋሪውን ሳይጠይቁ ጊዮርጊስን «ምልክት»፣ የምኒልክን ሐውልት አደባባይ «መገናኛ» ብለው ራሳቸው ይሰይማሉ። ቢጠይቁም እንኳ የአዲስ አበባ ሰው ቦታን በእርሳስ አይናገርም፤ በአፉ ነው የሚናገረው። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ ወርቅ ቤቶቹን አልፈህ፣ ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ሳትደርስ» ይላል። የጐዳናው መንግሥታዊ ስም በየመንግሥቱ ሲለዋወጥ ይህ ንግግር አልተለወጠም። አቅጣጫን በቃል ጠይቆ ቃሉን እንዳለ የጻፈ ተማሪ ካስሣለው ይልቅ ብዙ ያገኝ ነበር።

ጊዜም በንድፉ ውስጥ የለም። የአራዳ ጐዳና በወሩ ሃያ ሦስተኛ ቀን ሌላ ጐዳና ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት ስለ ሆነ ነጠላ የለበሰው፣ ጧፍ ሻጩና ምጽዋት ጠያቂው መንገዱን ይሞሉታል። በየካቲት 23 ደግሞ፣ የዓድዋ ድል ራሱ በ1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ወደ ምኒልክ ሐውልት ይወጣል። ይህ ሐውልት ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዋዜማ ጀምሮ የቆመ፣ ጣሊያን ያስወገደው፣ ከነጻነት በኋላ የተመለሰ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶአል። በዚህ ሰፈር ሐውልት ሲነሣና ሲመለስ ማየት የተለመደ ነው፤ «ቋሚ ምልክት» የሚለው የንድፍ ቃል ለአራዳ አይስማማም።

ከሁሉ የከበደው ጕድለት ግን ከፊት ገጹ በስተኋላ ያለው ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47/1967 ሲታወጅ የአራዳ ቤቶች ባለቤታቸውን ለወጡ፤ ኪራያቸው ከፍ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ዝቅ ያለው ወደ ቀበሌ ሄደ። አንዱ ቤት በሣንቃና በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ ለብዙ ቤተ ሰብ ሆነ፤ ከሱቁ ጎን በምትገኝ ጠባብ መተላለፊያ ወደ ውስጥ ሲገባ ግቢው የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ መጸዳጃና በዙሪያው የተደረደሩ የጭቃ ሰርቪስ ቤቶች ያሉበት መንደር ነበር። ኪራዩ እጅግ ትንሽ ስለ ነበር ተከራዩ አልለቀቀም፤ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አላደሰም፤ አከራዩም በዚያ ገንዘብ ሊያድስ አልቻለም። የቤቶቹ መጐሳቈል ምክንያቱ ይህ ነው እንጂ የነዋሪው ስንፍና አይደለም።

ይህ ሁሉ በፊት ገጹ ላይ ለሚያነብ ሰው ተጽፎ ነበር። አንድ የቤት ፊት በሦስት ዐይነት ቀለም ተቀብቶ፣ ቀለሙ ከምሰሶው እኩሌታ ላይ ሲቋረጥ የኪራይ ድንበር ማለት ነው። ከመስኮት የተለወጠ በር፣ በበረንዳው ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ከጌጡ ላይ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ እያንዳንዱ የኑሮ ታሪክ ነው። ተማሪው ግን በንድፉ ላይ ይህን ሁሉ ያጸዳዋል። የሱቁን ሰሌዳ ያነሣል፤ ሽቦውን ይደመስሳል፤ የተዘጋውን በረንዳ ይከፍታል፤ ቤቱ በተሠራበት ቀን እንደ ነበረ አድርጎ ይሥላል። መምህሩም ንጹሕ ሥራ ብሎ ያመሰግነዋል። ይህ ንጽሕና ለዐይን ደስ ቢያሰኝም የምስክር ቃልን እንደ መፋቅ ነው። የነበረውን ያላሳየ፣ የቀደመውንም በእርግጥ ያላወቀ ሥዕል፣ ሁለቱንም ዘመን ያጣ ሦስተኛ ቤት ያቆማል።

ከግቢው ውስጥ ያሉት የጭቃ ቤቶችም «ሥነ ሕንፃ» ስላልሆኑ ከፕላኑ ላይ በብዛት ይቀራሉ፤ ወይም ሳይለኩ በግምት ይሠመራሉ። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው የሚኖረው በእነርሱ ውስጥ ነበር። እድሩ የሚጠራው፣ ድንኳኑ የሚተከለው፣ ማኅበሩ የሚጠጣው፣ ልጅ የሚጫወተው በግቢው ነው። እድሩም የብሎክን ድንበር አያውቅም፤ ጐዳናውን ተሻግሮ የማዶውን ሰው ይይዛል፣ አንዳንዴም የጎረቤቱን ግቢ ይተዋል። ብሎክን የኑሮ ክፍል አድርጎ የሚወስድ ጥናት ስለዚህ ሰዎቹን በተሳሳተ ቍና ይሰፍራል። እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባሉት የአካባቢው ስሞች ነዋሪው ቦታን እንዴት እንደሚከፍል ይናገራሉ፤ የብሎክ ቍጥር ግን የሚናገረው ነገር የለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ ሊናቅም አይገባውም። ግቢዎቹ ያን ያህል የተወደደ ኑሮ አልነበረባቸውም ይባላል፤ ጣራው ያፈስሳል፣ መጸዳጃው ለሃያና ለሠላሳ ሰው አንድ ነው፣ እሳት ቢነሣ መኪና አይገባም። እውነት ነው። በጣይቱ ሆቴል ላይ በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ የእንጨት ቤት ምን ያህል እንደሚያሰጋ አሳይቶአል። ነዋሪው ራሱ የተሻለ ቤት ይመኝ እንደ ነበር ማንም አይክድም፤ የግቢን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ የሚያወድስ ሰው ብዙውን ጊዜ ቧንቧ በቤቱ ያለው ሰው ነው። ነገር ግን ይህ መቃወሚያ ቤቱ እንዲታደስ እንጂ ሳይመዘገብ እንዲጠፋ ምክንያት አይሆንም። ደግሞም ኑሮው ክፉ መሆኑን የሚያስረዳው ልክ፣ ማለትም የክፍሉ ስፋት፣ የሰው ብዛት፣ የቧንቧው ርቀት፣ ያው ተማሪው ሳይለካ የተወው ነው።

የፊት ገጽ ጥናት ያመጣው ትልቁ ጕዳት እዚህ ላይ ይታያል። ለረዥም ዘመን የቤት ክብር በፊቱ ይመዘናል ተብሎ ተማረ፤ ጌጥ ያለው ቤት በቅርስነት ተጻፈ፣ ጌጥ የሌለው ሳይጻፍ ቀረ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በጊዮርጊስ አጠገብ ተመርቆ፣ በማግሥቱ ወር የኮሪደር ልማት ሥራ ወደ ፒያሳ ሲደርስ፣ ለጐሰቈለው ሰፈር ጠበቃ ሊሆን የሚችል ጽሑፍ አልነበረም። ባለሙያው ስለ ጥቂት የተመረጡ ቤቶች ይከራከር ነበር፤ ስለ ግቢው፣ ስለ መተላለፊያው፣ ሱቅና መኖሪያ ተያይዘው ስለ ቆሙበት ሥርዐት የሚከራከርበት ቃል አላዘጋጀም። ነዋሪውና ነጋዴውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ሄዱ። ማፍረሱን ያዘዘው ተማሪው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም ቤት ማለት ፊት ነው ብሎ ያስተማረ ትምህርት፣ ፊቱ ያረጀው ቤት ሲፈርስ ምን ብሎ ይቃወማል?

ስለዚህ ልምምዱ ይቅር ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ማለት ተገቢ ነው። በሌሎቹ አሮጌ ሰፈሮች የሚሰማራ ተማሪ ከጐዳናው ማዶ ከመቆም ይልቅ መጀመሪያ በመተላለፊያዋ ገብቶ ከቧንቧው ይጀምር፤ ግቢውን በውስጥ ካሉት ቤቶች ጋር ይለካ፤ በየክፍሉ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን ተከራይቶ እንደሚኖር በነዋሪው ፈቃድ ይጻፍ፤ አጥሩን እንደ ቤት ግድግዳ አጥቍሮ ይሥል፤ ቍልቍለቱን ይለካ፤ በክረምትና በበጋ፣ በተራ ቀንና በበዓል ቀን ይመለስ። የቤቱን ፊት በመጨረሻ ይንደፍ፤ ሲነድፍም ሰሌዳውን፣ ሽቦውንና ሦስቱን ቀለም እንዳሉ ይተዋቸው። በፈረሰው አራዳም ቢሆን ጥቂት ሥራ ገና ይቻላል፤ የይዞታው ወረቀት በመዝገብ ቤት፣ የቀድሞው ነዋሪ በየዳርቻው አለ፤ ግቢውን በቃል የሚያስረዳ ሰው፣ የጎረቤቱን በርና የቧንቧውን ቦታ የሚያስታውስ፣ እርሱ እየተናገረ በአጠገቡ ተቀምጦ የሚነድፍ ተማሪ ብቻ ነው የጐደለው። ለዚህም ቀኑ አጭር ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን ከ1967ቱ አዋጅ በፊት በደኅና የሚያስታውሱት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቶአል።